ጸባይሽን አትቀይሪ፣ ቦታውን ፈልጊለት

እኅታችን፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ። «መሥሪያ ቤት ቡድን መሪ ነኝ፤ ቶሎ ወስኜ ቶሎ ማስፈጸም ልማዴ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን የመዝሙር ክፍል ተጠሪ ከሆንኩ ወዲህ ግን ሁለት ልጆች ቀሩብኝ። ጸባዬን ልቀይር ወይስ ኃላፊነቱን ልልቀቅ?» ብለሻል። ሁለቱንም አታድርጊ።

እኔ የግንባታ ፎርማን ነኝ። ሳይት ላይ አርማታ እየተሞላ ምክክር የለም፤ ታዛለህ፣ ይሠራል። የመዝሙር ክፍሉን ስረከብም ያንኑ ይዤ ገባሁ። ጥናት ቅዳሜ 10 ሰዓት ነው ካልኩ 10 ሰዓት ነው። ያረፈደውን ሰው ስም ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ከበሮ የሚመታልን ልጅ ስም ሦስት ሳምንት በተከታታይ ተጻፈ። በአራተኛው ቀረ።

የጥምቀት ጥናታችን ያለ ከበሮ፣ በጭብጨባ ብቻ ሆነ። ሁለት ሳምንት ጠብቄ ቤቱ ሄድኩ። እናቱ ቡና አፈሉልን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆየና «አለቃማ ቀን የምውልበትም አለኝ። እናንተ ጋ የምመጣው ወንድም ፍለጋ ነበር» አለኝ። ለካ ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ የሚለቁት 10 ሰዓት ነው። አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። ያ ቡና እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ሳይት ላይ ሰው ቢከፋውም ደመወዙ ያመጣዋል። አገልግሎት ላይ የሚያመጣው ፍቅር ብቻ ነው። ፍቅሩ ለእግዚአብሔር ቢሆንም፣ በሩ ላይ ቆመን የምናስመርረው እኛ ልንሆን እንችላለን።

ጥናቱን ወደ 11 ሰዓት አዛወርነው። ዘጸአት 18ንም ደግሜ አነበብኩ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አየው። መሪነቱን ተው አላለውም። የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች ሹም፣ የከበደውን ነገር ብቻ ወዳንተ ያምጡ ነው ያለው። እኔም የመዝሙር ምርጫውን፣ አልባሳቱን፣ ስም መያዙን አከፋፈልኩ። መጀመሪያ እጄን ሰብስቤ መቀመጥ በጣም ከብዶኝ ነበር። አሁን የአልባሳት ኃላፊዋ ሥራውን ከኔ አስበልጣ ይዛዋለች።

ግን ፎርማንነቴን አልጣልኩትም። ጥር 10 ታቦቱን አጅበን ወደ ጃንሜዳ ስንሄድ ሕዝቡ ከግራም ከቀኝም ይገፋል። ሕፃናቱን መሐል፣ ትልልቆቹን ዳር አድርጎ ሰልፉን የሚያስይዝ ድምፅ ያስፈልጋል። በዚያ ሰዓት «ምን ይመስላችኋል?» እያሉ መጠየቅ ልጅ ማስረገጥ ነው። ያንቺም ቶሎ መወሰን እንዲህ ያለ ቀን ይጠብቀዋል።

ለልጆቹም በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ፤ «ስቸኩል ያዙኝ» ብዬ። አብዝቶ የሚይዘኝ ከበሮ መቺያችን ነው።

የቀሩብሽን ሁለቱን ደውለሽ አትጥሪያቸው። ቤታቸው ሂጂ። ለምን ቀራችሁ ሳይሆን፣ ቅዳሜ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ይመቻችኋል ብለሽ ጠይቂያቸው።