የሙያ ምክር፦ ከአምስት ኮርድ ሙያ ይወጣል?

ጥያቄሽን ለአንባቢ ባጭሩ ላቅርበው። የአካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ፒያኖ የለመድሽው በራስሽ ነው፤ ኖታ እምብዛም አታነቢም። ሆኖም አራት አምስት ቀላል ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ይዘሽ ስትቀመጪ የፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የክሎድ ደቡሲን ዘመን የሚያስታውስ፣ ከዜማ ይልቅ ድባብ የሚበዛበት ሙዚቃ እዚያው እየፈጠርሽ መጫወት ትችያለሽ። የሰማሽ ሁሉ «ይሄማ ሥራሽ መሆን አለበት» ይልሻል። ትምህርቴን ላቋርጥ ወይ፣ በዚህ የሚተዳደር ሰውስ አለ ወይ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት ግድ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሽ ሁለት ቅጂ አያይዘሽ ልከሻል።

አታቋርጪ። ይህን የምልሽ ሙዚቃ አያኖርም በሚለው የቆየ ፍርሃት አይደለም፤ ቅጂዎቹን ሰምቼ ነው።

በሁለተኛው ቅጂ ግራ እጅሽ ዶና ሶልን ይዞ ይቆያል። ቀኝ እጅሽ በላዩ መጀመሪያ ሚ ማይነርን፣ ቀጥሎ ሶል ሜጀርን፣ ከዚያ ሬ ሜጀርን ያሳርፋል። ሦስቱም ማንኛውም ጀማሪ የሚያውቃቸው ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች ናቸው። ከሥር ዶ ስላለ ግን አንዳቸውም በስማቸው አይሰሙም። ሚ ማይነሩ ከባሱ (ከሥረኛው ድምፅ) ጋር ተደምሮ ዶ ሜጀር ሰባተኛ ይሆናል፤ ሶል ሜጀሩ ከዶ ሲቆጠር ሰባተኛውንና ዘጠነኛውን ድምፅ አብሮ ያመጣል፤ ሬ ሜጀሩ ደግሞ ፋ ሻርፕን ይዞ ሲገባ ሊዲያን የሚባለው ስኬል (የድምፆች መሰላል) ብርሃን ይፈነጥቃል። ኮርዱን ሳታወሳስቢ ባሱን ብቻ ይዘሽ ይህን ማግኘትሽ ጆሮ እንዳለሽ ያሳያል። ትንሽ ቆይተሽም የአንዱን ኮርድ ቅርጽ ሳትለውጪ እጅሽን ወደ ላይና ወደ ታች ታንሸራትቻለሽ። በባህላዊው የሐርመኒ (የኮርዶች ቅንብር) ትምህርት አምስተኛዎችን፣ ማለትም በአምስት ደረጃ የሚራራቁ ሁለት ድምፆችን፣ ጎን ለጎን እንዲህ ማስኬድ ስህተት ተብሎ ይሰረዛል። ደቡሲ ሆን ብሎ ከጣሳቸው ድንበሮች አንዱ ይህ ነው።

ድምፁን የሚያዘልቀው የእግር መርገጫ፣ ፔዳሉ ላይ ግን ተኝተሽበታል። ሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ ባሱ ከዶ ወደ ሬ ሲወጣ እግርሽ ስላልተነሳ ሁለቱ ወፍራም ድምፆች ተደባልቀው ላይኛውን ኮርድ ዋጡት። እንደ ደቡሲ ያለው ኢምፕሬሽኒስት ሙዚቃ ጭጋግ ይፈልጋል ሲባል ፔዳል ረግጦ መቀመጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ባሱ በተቀየረ ቁጥር ፔዳሉን ማደስ፣ አንዳንዴም ግማሹን ብቻ ማንሳት ነው ጭጋጉን ጭጋግ የሚያደርገው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሙዚቃው አያልቅም። ሰባት ደቂቃ ሄዶ ሄዶ ይቆማል። ማብቃትና መቆም ይለያያሉ፤ ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚከፍል ሰው የሚከፍለው በአብዛኛው ለልዩነቱ ነው።

እንግዲህ ወዳጆችሽ የማይነግሩሽን ልንገርሽ። ይህ ስልት ይቅር ባይ ነው። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ብትነኪ አምስት ድምፅ ያለው ስኬል ይወጣል፤ በመካከላቸው ግማሽ ድምፅ የሚባል ርቀት ስለሌለ ምንም ብትመቺ አይጋጭም። ከዶ ተነስተሽ ሁልጊዜ አንድ ሙሉ ድምፅ እየዘለልሽ ብትወጪ ደግሞ ስድስት ድምፅ ታገኛለሽ። ርቀታቸው ሁሉ እኩል ስለሆነ ጆሮ የትኛው ማረፊያ እንደሆነ አያውቅም፤ ሙዚቃው የተንሳፈፈ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሁለቱንም ትጉህ ጀማሪ በጥቂት ቀናት ይዞ ሰው ሊያስደምም ይችላል። አንቺን ይቅር ያለ ስልት ሌላውንም ይቅር ይላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ድባብ ብቻ የሚያቀርብ ሰው ሞልቷል። የሚፈለገው ድባቡን በልክ ቆርጦ የሚሰጥ ነው።

ልክ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ከሥራዎቹ እንየው። እኔ ብሆን በዳንስ አጃቢነት እጀምር ነበር። የባሌት ክፍል አስተማሪ «በሦስት ምት፣ ዝግ ብሎ፣ ሠላሳ ሁለት ቆጠራ» ይልሻል እንጂ የዘፈን ርዕስ አይሰጥሽም። አራት ቆጠራ መግቢያ ትጫወቻለሽ፣ ዳንሰኞቹ ይነሳሉ፣ ስምንት በስምንት እየሄድሽ ሠላሳ ሁለተኛው ላይ በግልጽ ታሳርፊያለሽ። ወዲያው ደግሞ ያንኑ በግራ እግር ይደግማሉ፤ አንቺም በዚያው ፍጥነት ትደግሚያለሽ። ኮርዶችሽ ለዚህ ከበቂ በላይ ናቸው፤ እዚያው እየፈጠሩ መጫወትም በዚህ ሥራ የተለመደ ነው። ምትሽ ግን አሁን ባለበት ሁኔታ ዳንሰኞቹን ይጥላቸዋል። ሙዚቃሽ ነፃ ሆኖ ሲንሳፈፍ ደስ ይላል፣ ዘላ አየር ላይ ላለች ልጅ ግን ማረፊያዋ በሰዓቱ መድረስ አለበት።

ፊልምና ጌም ሁሉም የሚመኘው ነው። ዳይሬክተሩ የዘጠና ሴኮንድ ሙዚቃ ይጠይቅሽና አርባኛው ሴኮንድ ላይ በር ሲከፈት ስሜቱ እንዲቀየር ይፈልጋል። ሦስት ጊዜ ያስቀይርሻል፤ በመጨረሻ «የመጀመሪያው ይሻላል» ሊልሽ ይችላል። ያን ጊዜ የመጀመሪያውን መልሰሽ መጫወት ካልቻልሽ ሥራው አበቃ። ጌም ላይ ደግሞ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ስፌቱ ሳይታወቅ ተያይዞ መዞር አለበት። ለማስታወቂያና ለቪዲዮ ሙዚቃ የሚያከማቹ ላይብረሪዎች ከሙሉው ሥራ ጋር የሠላሳና የስልሳ ሴኮንድ ቅጂ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ሆቴልና ላውንጅ ላይ መጫወት ጥሩ ልምምድ ነው፤ ሰው የሚያውቀውን ዘፈን እንደሚጠይቅሽ ብቻ እወቂ። የሙዚቃ ሕክምናን በደብዳቤሽ አንስተሻል፤ እሱ የሚያረጋጋ ነገር መጫወት ሳይሆን ራሱን የቻለ ትምህርትና ከታካሚዎች ጋር ክትትል የሚደረግበት ልምምድ የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ በአቋራጭ አይገባበትም።

አሁን ካለሽበት እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልግሽ ተጨማሪ ኮርድ አይደለም። ስልክሽ ላይ ዘጠና ሴኮንድ ሙዪና በዚያ ውስጥ ጀምረሽ ጨርሺ። በማግስቱ ቅጂውን ሳትሰሚ ያንኑ ሙዚቃ ድገሚው። ካልወጣልሽ የሠራሽው ነገር የአንቺ አልነበረም፤ የጣቶችሽ ነው። ሲወጣልሽ በሌላ ቁልፍ (ሙዚቃው በሚያርፍበት መነሻ ድምፅ)፣ ለምሳሌ ከዶ ወደ ሚ ፍላት አዛውረሽ ሞክሪው፤ ዘፋኝ ከድምፁ ጋር የሚስማማ ቁልፍ ሲጠይቅሽ የሚያድንሽ ይህ ነው። ከዚያ የኮርዶቹን ስምና ባሱን በወረቀት ጻፊ። ይህ ሙሉ ኖታ ማንበብ አይደለም፤ ግን አብሮሽ የሚሠራ ሰው የሚረዳው ወረቀት ይሆናል። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) እየሰማሽ መቅዳትንም ልመጂ፤ መጀመሪያ ያናድድሻል።

አካውንቲንጉን እንደ እስር ቤት አድርገሽ ነው የጻፍሽልኝ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሙዚቀኞች ሲጎዱ የማየው ብዙውን ጊዜ በውል ነው፦ መብታቸውን ለዘለዓለም ሸጠው በኪራይ የሰጡ ይመስላቸዋል፣ የሮያሊቲ (የመብት ክፍያ) ሪፖርት ይደርሳቸውና ማንበብ ያቅታቸዋል። አንቺ ሪፖርቱን ታነቢያለሽ። የመብት ክፍያ የሚሰበስቡና የሚያከፋፍሉ ድርጅቶችም አካውንታንት ይቀጥራሉ፤ ወደ ሙዚቃ የሚወስደው በር ፒያኖው ብቻ እንዳይመስልሽ። እግረ መንገዴን፣ እየፈጠርሽ የምትጫወቺውን ሁሉ ቅጂውን ከነቀኑ አስቀምጪ። በአየር ላይ የቀረ ጨዋታ የማን እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል። ደቡሲ የሞተው በ1918 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ድርሰቶቹ በአብዛኛው ዓለም ከመብት ነፃ ናቸው፤ ሌላ ፒያኒስት በቅርቡ የቀዳውን ቅጂ ቆርጦ መጠቀም ግን ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ ትምህርት ቤቱ። ደቡሲ የፓሪስ ኮንሰርቫቷር የሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባው በ1872 እ.ኤ.አ.፣ በ10 ዓመቱ ነው፤ የሮም ሽልማት የሚባለውን የድርሰት ውድድር ያሸነፈው በ1884 ነው። ሕጉን የጣሰው ለዓመታት ተምሮት ነው ማለት ነው። ይህን ስትሰሚ ረፍዶብኛል እንዳትዪ፤ ለአንቺ የሚቀርበው ምሳሌ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤሪክ ሳቲ ነው። በፓሪስ ሞንማርትር ሰፈር ካባሬዎች (የምሽት መዝናኛ ቤቶች) ውስጥ ፒያኖ እየተጫወተ ኖሮ፣ ዛሬም የሚጠቀሱለትን አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች ከጻፈ በኋላ፣ በ1905፣ በ39 ዓመቱ፣ ኮንትራፑንት (ዜማን ከዜማ ጋር አብሮ የማስኬድ ጥበብ) ለመማር ስኮላ ካንቶሩም የሚባል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። አንቺ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነሽ። ዲግሪሽን ጨርሰሽም ጊዜ አለሽ።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ግድ ነው ወይ ላልሽው፦ ለዳንስ አጃቢነት ግድ አይደለም፣ ለማስተማርና ዘፋኝ ለማጀብ ኖታ ማንበቡ ግድ ነው፣ ለፊልም ደግሞ ከዲግሪው ይልቅ ሥራሽን ያሰማሉ። ለማመልከት ከወሰንሽ የመግቢያ ፈተናው ምን እንደሚጠይቅ አስቀድመሽ ጠይቂ። ብዙ የፒያኖ ክፍሎች የተጻፈ ድርሰት ተዘጋጅቶ እንዲቀርብላቸው ይፈልጋሉ፣ እዚያው ተፈጥሮ የሚቀርብ ጨዋታ አይቆጥሩም፤ የጃዝና የድርሰት ክፍሎች ግን ሊሰሙሽ ይችላሉ። ትምህርቱን ስለማቋረጥ መልሰሽ የምታስቢው የማታውቂው ሰው ከፍሎ ካጫወተሽ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ሲደውልልሽ ነው። የመጀመሪያው ጥሪ በወሬ ሊመጣ ይችላል። እስከዚያው የዘጠና ሴኮንዱን ቅጂ፣ የተደገመውንም ጨምረሽ፣ ላኪልኝ።