ሚኒሶታ ገጠር ውስጥ ጣሪያ ለምትቀይሩ፦ ፐርሚት እና አይስ ኤንድ ዋተር

ከትዊን ሲቲስ ወጣ ብሎ የተገዛ ቤት ጣሪያ ሲቀየር ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ) ያስፈልጋል ወይ፣ አሮጌው ሺንግል (የጣሪያው ክዳን) ላይ አዲስ መደረብስ ይቻላል ወይ ብለህ ለጠየቅከው።

ወንድሜ፣ «ገጠር ነው፣ ማን ይጠይቅሃል» የሚልህን ኮንትራክተር ከበር መልሰው። የሚኒሶታ የግንባታ ሕግ የሚሠራው በመላው ስቴት ነው፤ ከቦታ ቦታ የሚለያየው አስከባሪው ነው። አንዱ ካውንቲ ኢንስፔክተር አለው፣ ሌላው የለውም፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሥራው የታውንሺፑ ነው። ኢንስፔክተር በሌለበትም ጣሪያው በሕጉ መሠረት መሠራት አለበት።

1. የፖስታ አድራሻህ ላይ ባለው የከተማ ስም አትመን፤ ብዙ ጊዜ ቤቱ ከከተማው ክልል ውጪ ነው። የንብረት ግብር ወረቀትህ ላይ ያለውን የፓርስል (የመሬትህን መለያ) ቁጥር ይዘህ ካውንቲው ጋ ደውልና ስለ ግንባታ ፐርሚትም ስለ ዞኒንግም (መሬቱ ላይ ምን፣ የት መሥራት እንደሚቻል የሚወስነው ደንብ) ለየብቻ ጠይቅ። የጣሪያው ቅርጽ ካልተቀየረ ዞኒንጉ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም። በረንዳ የምትጨምር ወይም ከፍታውን የምትቀይር ከሆነ፣ በተለይ ከሐይቅ 1000 ጫማ ወይም ከወንዝ 300 ጫማ ውስጥ ካለህ፣ ሌላ ፈቃድ ይመጣል።

2. «ፐርሚቱን በስምህ አውጣው» የሚልህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ላይሰንስ የለውም። በስምህ ካወጣኸው ኃላፊነቱ ያንተ ነው፤ ኮንትራክተር ላጭበረበራቸው ባለቤቶች ስቴቱ ያዘጋጀው ፈንድም የሚከፍለው ባለ ላይሰንስ ሲያጠፋ ብቻ ነው። ቁጥሩን ተቀብለህ የስቴቱ የሥራና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ፈልገው። «የኢንሹራንሱን ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ ሲከፍል ከኪስህ የምታዋጣውን) እኔ እችልልሃለሁ» ካለህ ሕግ እየጣሰ ነው፣ ተወው።

3. መደረብ የሚቻለው አሁን ያለው ሺንግል አንድ ድርብ ብቻ ሲሆንና ውሃ ያልጠጣ፣ ያልበሰበሰ ሲሆን ነው። ሁለት ድርብ ካለ ሁሉም ይነሳል። አንድ ድርብ ቢሆንም እኔ አስነሳው ነው የምልህ፤ ምክንያቱም አይስ ኤንድ ዋተር የሚባለውን፣ ውሃ እንዳያስገባ ከሺንግሉ ሥር እንጨቱ ላይ የሚጣበቀውን ንጣፍ በትክክል ማንጠፍ የሚቻለው እንጨቱ ሲገለጥ ነው።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ክረምት የቤቱ ሙቀት በረዶውን ከላይ ያቀልጠዋል፣ ውሃው ወርዶ ከግድግዳው ውጪ ባለው ቀዝቃዛ ጠርዝ ላይ እንደገና ይረጋል፣ ከኋላው የተጠራቀመው ውሃም በሺንግሉ ሥር ወደ ላይ ይገባል። ለዚህ ነው ሕጉ የሚጣበቀው ንጣፍ ከጣሪያው ጠርዝ ጀምሮ ከውጪው ግድግዳ መስመር ቢያንስ 24 ኢንች ወደ ውስጥ እንዲገባ የሚያዘው። ጥቅልሉ 36 ኢንች ስፋት ስላለው ሠራተኛው አንድ ረድፍ አንጥፎ ይሄዳል። አስላው፦ ጣሪያው ከግድግዳው 24 ኢንች ከወጣ፣ የግድግዳው ውፍረት 6 ኢንች ቢሆን፣ ከዚያ ወደ ውስጥ 24 ሲጨመር 54 ኢንች ነው። ይህ አግድም ሲለካ ነው። ተዳፋቱ 6 በ12 (በየ12 ኢንች አግድም 6 ኢንች የሚወጣ) ከሆነ በጣሪያው ላይ 60 ኢንች ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ረድፍ ግድ ነው። 50 ጫማ ርዝመት ላለው ቤት በሁለቱም ጎን 200 ጫማ ንጣፍ ማለት ነው፤ 66 ጫማ ገደማ ከሆነው ጥቅልል 3 አይበቃም፣ መደራረቢያ ስላለ 4 ግዛ። ውሉ ላይ «ሁለት ረድፍ» ተብሎ ይጻፍ፤ «በሕጉ መሠረት» የሚለው ብቻ ለክርክር ይዳርግሃል።

የጠርዙ ብረት (ድሪፕ ኤጅ) በየ12 ኢንች ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ይመታ። ሚስማሩ ከሥር ያለውን ጣውላ በስቶ ማለፍ አለበት፤ ለአንድ ሺንግል ቢያንስ 4፣ ነፋስ ለሚበዛበት ሜዳ አምራቹ 6 ካለ 6።

ሺንግሉ ከመነጠፉ በፊት ኢንስፔክተሩ ንጣፉን ማየት ይፈልግ እንደሆነ፣ ፎቶ ይበቃው እንደሆነም ፐርሚቱን ስታወጣ ጠይቅ። ከተሸፈነ በኋላ አሳየኝ ቢል የተመታው ሁሉ መነቀሉ ነው። ፎቶ ስታነሳ ሜትሩ ከጠርዙ እስከ ንጣፉ ጫፍ ተዘርግቶ ቁጥሩ ይነበብ፤ በቤቱ በሁለቱም ጎን አንሳ።