ፑንታ መግዛቱን ተውና መጀመሪያ ምላጩን ሞክር

ሰላም ወንድሜ። ከመሐል ሜዳ ያነሳኸውን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። ትንሿን የወርቅ ሠሪ ቶርኖ፣ ሥራውን እያሽከረከረች የምታስቆርጠውን መኪና፣ ገዝተሃል። 3 ሚሊ የብር ዘንግ ላይ 0.8 ሚሊ ቀዳዳ ልትበሳ ትሞክራለህ። ቀዳዳው መሐል ላይ ይጀምርና ወደ ጎን ይወጣል፣ መብሻው ፑንታም ይሰበራል። እስካሁን 6 ሰብረሃል። ጥሩ ፑንታ የት ይገኛል ነው ያልከው።

ብዙ ሰው የሱቅ ስም ሰጥቶሃል። እኔ ግን አትግዛ ነው የምልህ። ችግርህ ፑንታው አይደለም። በምን አወቅክ ብትለኝ፣ እኔም እዚህ ደብረ ብርሃን ልክ እንዳንተ ሁለት ወር ሙሉ ፑንታ ስገዛ ከርሜ ነው። 14 ሰብሬአለሁ። ከዚያ የባሰ ጥፋትም ሠርቻለሁ። አንተ እንዳትደግመው ብዬ ነው ሥራዬን አቁሜ የምጽፍልህ።

1. ሥራውን ይዞ የሚሽከረከረው ሄድስቶክና ፑንታውን ይዞ የሚገፋው ቴልስቶክ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን አረጋግጥ።

ያንተም እንደኔው ያገለገለ ቶርኖ መሆኑ አይቀርም። እነዚህ 8 ሚሊ ኮሌት፣ ዘንጉን ቆንጥጦ የሚይዘውን ቱቦ፣ የሚይዙ ትንንሽ ቶርኖዎች ሲሠሩ ሁለቱ ራሶች ተጣምረው ነው ልካቸው የሚስተካከለው። ሁለቱ ራሶች ከሚቀመጡበት አልጋ እስከ መሐሉ ያለው ከፍታ ብዙዎቹ ላይ 50 ሚሊ ነው። ግን ሁለቱም 50 ናቸው ቢባልም፣ ከሌላ ቶርኖ የመጣ ቴልስቶክ አንድ አሥረኛ ሚሊ ዝቅ ሊል ይችላል። ዓይንህ አያየውም። ፑንታው ግን ጎብጦ ነው የሚገባው።

ለኔ የሸጠልኝ ሰው ሁለት የተጓደሉ ቶርኖዎችን አንድ አድርጎ ነው የሸጠልኝ። ቀለማቸው እንኳ ትንሽ ይለያያል። ጠየቅኩት። «ኦሪጅናል ነው፣ ምን ሆነሃል?» ብሎ ተቆጣ። አመንኩት።

ኅዳር ላይ አንዲት እናት ለልጃቸው የጥር ሠርግ የብር ዶቃ አዘዙኝ። 40 ዶቃ ነው። እያንዳንዱ 5 ሚሊ ውፍረት፣ 6 ሚሊ ርዝመት፣ መሐሉ ላይ 1 ሚሊ ቀዳዳ። ብሩን ራሳቸው አመጡ። ከእናታቸው የወረሷቸው ሁለት ጠገራዎች ናቸው፣ 1780 የሚል የተቀረጸባቸው ማሪያ ቴሬዛዎች። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፤ ቀሪው መዳብ ነው ማለት ይቻላል። «አደራ፣ የእናቴ ነው። ሌላ ነገር እንዳይቀላቀልበት» አሉኝ። እሺ አልኩ።

አቅልጬ ዘንግ አወጣሁ። መብሳት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀዳዳ በአንድ በኩል መሐል ገብቶ በሌላው በኩል ጠርዝ ላይ ወጣ። በሁለተኛው ፑንታው ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። በሦስተኛውም እንደዚያው። እኔ ምን አደረግኩ? የተበላሹትን ሰብስቤ ስባሪው በውስጣቸው እንዳለ መልሼ አቀለጥኳቸው።

ይህን እንዳታደርግ ወንድሜ! ትልቁ ጥፋቴ እሱ ነው። ብር የሚቀልጥበት ሙቀት የፑንታውን አቻዮ፣ ጠንካራውን ብረት፣ አያቀልጠውም። ስባሪው ብሩ ውስጥ እንደ ጠጠር ይቀመጣል። ከዚያ አዲሱ ፑንታ በሚቀጥለው ዘንግ ውስጥ ሄዶ እሱን ይገጫል። ክው ይላል፣ ይሰበራል። አሁን ሁለት ጠጠር ሆነ። እኔ ደግሞ ፑንታው የማይረባ ነው ብዬ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ መርካቶ ሌላ እገዛለሁ። ችግሩ ከቴልስቶኩ ጀምሮ ብሩ ውስጥ ገባና መነሻው ጠፋኝ። አደራውንም የበላሁት ያን ጊዜ ነው። ሌላ ነገር እንዳይቀላቀል ተብዬ ብረት ቀላቀልኩበት።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሴትዮዋ ቤት ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። «ብሩ አለ?» አሉ። አለ አልኳቸው። «እንግዲያው ሂድና ሥራው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያወጡኝ ጡረታ የወጡ አንድ ሰዓት ሠሪ አባት ናቸው። ሱቄ ገብተው ፑንታዎቹን ዞር ብለውም አላዩአቸው። «ምላጭ አለህ?» አሉኝ። ሄድስቶኩ ላይ አጭር የናስ ዘንግ አስያዙኝና እዚያው እየዞረ ጫፉን ሹል አድርጌ እንድቆርጠው አዘዙኝ። እዚያው ስለተቆረጠ ሹሉ በትክክል መሐል ላይ ነው። ቴልስቶኩ ላይ የራሱን ሹል ከተቱ። ከዚያ ቶርኖውን አጥፍተው ምላጩን በሁለቱ ሹሎች መካከል በቀስታ ቆንጥጠው ያዙት።

ሁለቱ ሹሎች ከተገናኙ ምላጩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የኔ ምላጭ የላይ ጠርዙ ወደ ቴልስቶኩ ዘመመ። ይህ ማለት ቴልስቶኩ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ወደ ሄድስቶኩ ቢዘም ደግሞ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ከላይ ሆነህ ስታየው ከተጣመመ ችግሩ የጎን ነው። ይኸው ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ሁለት ወር ነው የፈጀሁት።

ዝቅ ያለ ቴልስቶክ መድኃኒት አለው። እኔ ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ ቀጭን ቁራጭ ቆርጬ፣ ጠርዙን በጥሩ ሞርጄ፣ ከቴልስቶኩ እግር ሥር አነጠፍኩለት። የጣሳ ግድግዳ ወደ 0.1 ሚሊ ነው። ምላጩ ቀና አለ። ከፍ ያለ ወይም ወደ ጎን የሄደ ከሆነ ግን ራስህ አትሞርደው። ከሞረድከው መመለሻ የለውም። እስኪስተካከል ድረስ ቴልስቶኩን ተወው። ፑንታውን በትንሽ የእጅ መያዣ ያዝ፣ ክንድህን ቶርኖዋ ላይ ባለው የመሣሪያ ማሳረፊያ ላይ አድርግና በእጅህ ግፋው። ሥራው እየዞረ ፑንታው ቆሞ ከሆነ፣ መነሻው በትክክል ከተቆረጠለት መሐሉን ራሱ ይፈልጋል። ሰዓት ሠሪዎቹ ስንት ዓመት የሠሩት እንዲሁ ነው።

2. መነሻውን በመዶሻ አትምታ።

ይህን ሁላችንም ከብረት ቤት ነው የምናመጣው። በሹል ብረት መሐሉን መትቶ መብሳት። 3 ሚሊ ዘንግ ላይ በእጅህ መትተህ መሐሉን አታገኘውም። ትንሽ ወደ ጎን ከሄደ ሥራው ሲዞር ጉድጓዷም ትዞራለች፣ ፑንታውን እየወዘወዘች ትሰብረዋለች። ይልቅ መጀመሪያ ፊቱን ጠፍጣፋ አድርገህ ቁረጥ። ከዚያ እየዞረ በእጅ መቁረጫው ሹል ጫፍ መሐሉ ላይ ትንሽ ሾጣጣ ጉድጓድ አውጣ። ማጉያህን አድርገህ እይ። መሐሉ ላይ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ጉብታ ከቀረች መቁረጫህ መሐሉን አላገኘም። እሷን ሳታጠፋ እንዳትበሳ። ፑንታው እሷ ላይ ወጥቶ ይንሸራተታል። እኔ አሁን ከጠቅላላው ጊዜዬ ግማሹን የማጠፋው እዚህች ጉድጓድ ላይ ነው።

3. ፍጥነት። ትልቅ ቶርኖ ላይ የተማረ ሰው «ቀስ አድርገህ አዙር» ይልሃል። ለ10 ሚሊ ፑንታ ልክ ነው። 0.8 ሚሊ ፑንታ ግን በደቂቃ 3000 ዙር እንኳ ጠርዙ የሚቆርጠው 7.5 ሜትር ብቻ ነው። በዝግታ ካዞርከው ሳይቆርጥ ትገፋዋለህ፣ ይጎብጣል። ፈጠን አድርግና እጅህን አቅልል። የስፌት መኪና ሞተር ከነፔዳሉ ካለህ ይበቃሃል። ፑንታውን ከመያዣው አታስረዝመው። የሚያስፈልግህን ያህል ብቻ ይውጣ። በየግማሽ ሚሊው አውጥተህ ብናኙን ጥረግ፣ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨምር። ቀዳዳው ረጅም ከሆነ እስከ ግማሽ ብሳና ገልብጠህ ከሌላው ጫፍ ግጠመው። አንድ ነገር ልጨምር። በእሳት ያለሰለስከው ብር ፑንታው ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። መጀመሪያ ትንሽ በመሳቢያ፣ ዘንግ እየጎተትን በምናቀጥንበት ባለቀዳዳ ብረት፣ ስበህ አጠንክረው።

ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ ደግሞ ተስፋ አትቁረጥ። አሉም የሚባለውን ነጭ ጨው ፈልግ፣ ውኃ ለማጥራትና ቆዳ ለማልፋት የሚጠቀሙበትን። በመስታወት ወይም በሸክላ ዕቃ ውኃ ውስጥ አብዝተህ አሟሟውና ዶቃውን ጨምረህ ሳታፈላ አሙቀው። የብረት ድስት አትጠቀም። በሰዓታት ውስጥ አቻዮውን ይበላዋል። ብሩን፣ መዳቡንና ናሱን አይነካም። እኔ ያን ሁሉ ብር ያዳንኩት በዚህ ነው። ዘንጉን ቆራርጬ፣ ስባሪ ያለበትን ሁሉ አሉም ውስጥ አሳድሬ፣ ጠዋት ላይ ጥቁር ዝቃጭ ብቻ ቀርቶ ሳገኝ እንደ ልጅ ነበር የተደሰትኩት።

4. ኮሌት። ቁጥሩ በአሥረኛ ሚሊ ነው፣ 30 ቁጥር ማለት 3.0 ሚሊ። 3.2 ሚሊ ዘንግ 30 ቁጥር ውስጥ አታስገባ። ኮሌቱ አንዴ ከተከፈተ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ሥራ አጣምሞ ይይዝብሃል። እኛ ብር ሠሪዎች መሳቢያ አለን እኮ። ዘንጉን ስበህ ለኮሌቱ ልክ አድርገው።

የጎደሉኝን ኮሌቶች ከውጭ ሳስመጣ የደረሰብኝን ልንገርህ። ዕቃው አንድ መሥሪያ ቤት ተያዘ። ሄድኩ። አንዱ ሠራተኛ ኮሌቱን አንስቶ «ይህ የጥይት ቀለሃ ነው» አለኝ። የሰዓት ሠሪ መሣሪያ ነው ብል አልሰማኝም። ፊቴን እንኳ ቀና ብሎ አላየም። «ደብዳቤ አምጣ» አለ። ደብዳቤ ይዤ ስሄድ «ማኅተሙ አይነበብም» አለ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ቶርኖዋን ፎቶ አንስቼ ወሰድኩና ሌላ ወጣት ሠራተኛ አየችው። «ለምን መጀመሪያ ይህን አላሳዩንም?» አለች። በአሥር ደቂቃ ሰጠችኝ። ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ። ስለዚህ አንተ የምታስመጣ ከሆነ ሻጩ «የሰዓት መጠገኛ መሣሪያ» ብሎ ይጻፍበት። የቶርኖዋን ፎቶ ከነኮሌቱ በስልክህ ሳይሆን በወረቀት አትመህ ያዝ። የሰው ክብር እንዲህ መነካት አልነበረበትም። ለአንድ ብር ሠሪ ሦስት ቀን ማለት የሦስት ቀን እንጀራ ነው።

ክብ ያልሆነ ነገር፣ መስቀልም ሆነ የጸናጽል ቅጠል፣ ኮሌት አይይዝልህም። እሱን በጎማላካ ለጥፈው፣ እንጨት ሠሪዎች አሟሙተው የሚቀቡትን ማለቴ ነው። የናስ ሰሌዳ ቶርኖው ላይ አስረህ አሙቅ፣ ጎማላካውን ቀባው፣ ሥራውን ለጥፍ። ገና ሙቅ እያለ በቀስታ አዙር። መፋቂያህን ሹል አድርገህ ቅረጽና ጫፉን መነሻዋ ጉድጓድ ውስጥ አስገባ፤ መሐሉን ማሳረፊያው ላይ አስደግፈው። የመፋቂያው ሌላኛው ጫፍ ከተወዛወዘ ሥራው መሐል ላይ አይደለም። እስኪረጋ ድረስ ገፋ ገፋ አድርገው። ሲጨርስ በአልኮል ይለቃል።

የኛ ብርድ ግን ይታሰብበት። እናንተም መንዝ ላይ ከኛ የባሰ ነው ያላችሁ። በታኅሣሥ ጠዋት ጎማላካው እንደ መስታወት ይሰባበራል። አንድ የመስቀል ጌጥ ተፈናጥሮ ግንባሬን መቶኛል። ክፍሉን አሙቅ፣ ቶርኖዋንም ዘይቷ እስኪላላ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ባዶዋን አዙራት። ጋቢህን ደግሞ አውልቅ። በብርድ ምክንያት ጋቢ ለብሶ የሚሠራ ሰው አይቻለሁ። ጫፉ ከያዘው እጅህንም ይዞ ነው የሚሄደው።

ዶቃዎቹ ደረሱ። ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው 38ቱን አስረከብኩ። ሁለቱ በብናኝና በቁርጥራጭ አልቀውብኝ ነበር፣ ሌላ ብር አልቀላቀልኩበትም። ሴትዮዋ ክሩ ላይ ደርድረው ከፍ አድርገው አዩት። አንድም ዶቃ አልተጣመመም። «እናቴ ብታየው» አሉ። እስከ ዛሬ ለማንም ሰው በሥራዬ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

አሁን ምላጩን ሞክርና ወዴት እንደዘመመ ጻፍልኝ። ዝቅ ያለ ከሆነ በጣሳ ይስተካከላል። ወደ ጎን ከሆነ ግን ቶርኖዋን ከነአልጋዋ በጨርቅ ጠቅልለህ ደብረ ብርሃን አምጣት፣ አብረን እናየዋለን። አሉምም አለኝ፣ እሱን አትግዛ።