ማደንዘዣው ሲለቅ የተመለሰው ሕመም

ጥያቄ፦ እናቴ ከትናንት በስቲያ ደሴ ውስጥ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ትናንት ማታ ወደ ኮምቦልቻ መለስናቸው። ሐኪሙ ቁስሉ ዙሪያ ማደንዘዣ ስለ ወጋቸው በመጀመሪያው ሌሊት ተኝተው ነበር፤ ንጋት ላይ ግን ሕመሙ ድንገት ተነሣባቸው። ማደንዘዣ ቁስል ያዘገያል ስለተባሉ የታዘዘላቸውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን እንኳ ትተዋል። አንድ የምናውቀው ሰው ሊዶካይን የተባለ ማደንዘዣ ገዝቶ ቤት ሊወጋቸው ይችላል፤ ይሻላቸው ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የፈሩት ስፌቱ ተፈትቶ እንዳይሆን ይመስለኛል። ንጋት ላይ የተነሣው ሕመም ብቻውን ይህን አያመለክትም። ቁስል ዙሪያ ለመውጋት ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ቡፒቫኬይን የተባለ ማደንዘዣ የአካባቢውን ነርቮች የሚያደነዝዘው በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ያህል ሲሆን፣ እሱ ሲለቅ ተሸፍኖ የቆየው ሕመም ይገለጣል፤ ክኒኑ አስቀድሞ የሚጀመረውም ስለዚህ ነው።

«ማደንዘዣ ቁስል ያዘገያል» የሚለው አባባል ብዙ ሕመምተኞቼን ያለ ምክንያት አሠቃይቷል። በቀዶ ሕክምና የሚሰጠው መጠን ቁስል እንዳይድን አያደርግም፤ ክኒኑማ ማደንዘዣም አይደለም። እናትዎን ልብ ብለው ይመልከቷቸው፦ ሆዳቸውን በእጃቸው ይዘው በአጭር በአጭሩ የሚተነፍሱ፣ ሳል ሲመጣባቸውም የሚያፍኑት ከሆነ፣ አክታው ሳንባቸው ውስጥ ተጠራቅሞ የሳንባ ምች ሊያስከትልባቸው ይችላል፤ ከአልጋ አለመነሣታቸው ደግሞ በእግራቸው ደም እንዲረጋ ያጋልጣቸዋል። ስለዚህ ክኒኑን ሕመሙ እስኪጠና ሳይጠብቁ በታዘዘው ሰዓት ይስጧቸው፤ ሲያስሉ ትራስ ቁስሉ ላይ ደገፍ ያድርጉላቸው፤ ደግፈዋቸውም እስከ በሩ ድረስ ያራምዷቸው።

ቤት ውስጥ ሊዶካይን መውጋት ግን ፈጽሞ አይደረግም። መርፌው ደም ሥር ውስጥ ቢገባ ወይም መጠኑ ቢያልፍ፣ ከንፈር መደንዘዝና የጆሮ ጩኸት ይጀምርና ወደ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም ወደ ልብ መቆም ሊያደርስ ይችላል። ሰውየው ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ይህ ሲደርስ ቤትዎ ውስጥ ምን ይዞ ሊደርስላቸው ነው? ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ መርፌም ሳይታዘዝ አይጨምሩባቸው፤ ኩላሊትንና ጨጓራን ሊጎዳ ይችላል።

የቀዶ ሕክምና ሕመም ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ ይሄዳል። እየባሰ ከመጣ፣ ሆዳቸው ከተነፋና ከጠጠረ፣ ትኩሳት ወይም ትውከት ከጀመራቸው፣ ወይም ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ «እስኪነጋ እንይ» ሳይሉ በዚያው ሌሊት ወደ ደሴ ይዘዋቸው ይመለሱ።