ቴስቱ ለምን አይጀምርም?

ጥያቄ፦ ቪኤስ ኮድ (ኮድ የምጽፍበት ኤዲተር) ላይ የፕሮጀክቱን ትዕዛዞች በጎን በኩል በዝርዝር የሚያሳይ ኤክስቴንሽን ጫንኩ። ትዕዛዞቹን ታስክስ ዶት ጄሰን ፋይል ውስጥ ጽፌያለሁ። «ሁሉንም አስነሳ» ያልኩት ትዕዛዝ መጀመሪያ ሰርቨሩን፣ ከዚያ ቴስቱን እንዲያስኬድ ነበር። ሰርቨሩ ይነሳል፤ ቴስቱ ግን ግማሽ ሰዓት ብጠብቅም አይጀምርም። ኤክስቴንሽኑን አጥፍቼ እንደገና ብጭነውም ያው ነው። ፋይሉን አያይዣለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኤክስቴንሽኑን ተወው። እሱ ዝርዝሩን ያሳይሃል እንጂ ትዕዛዙን የሚያስኬደው ራሱ ኤዲተሩ ነው። ካላመንከኝ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ ተጫንና «ራን ታስክ» ከሚለው ውስጥ ያንኑ ትዕዛዝ አስነሳው። እዚያም ይቆማል።

ፋይልህን አየሁት። «ዲፔንድስ ኦርደር» ላይ «ሲክወንስ» ብለሃል፤ ልክ ነህ። ባትጽፈው ኖሮ ሁለቱም እኩል ይነሱ ነበር። ግን «በተራ» ሲባል ኤዲተሩ የሚገባው «የመጀመሪያው ሲያልቅ ሁለተኛውን ጀምር» ተብሎ ነው። ሰርቨር ደግሞ አያልቅም። ኤዲተሩ የማያልቀውን ሲጠብቅ ይውላል። እኔም መጀመሪያ ሲገጥመኝ የጠረጠርኩት ቴስቱን ነበር፤ ግማሽ ቀኔን በላኝ።

ሰርቨሩን በሚያስነሳው ትዕዛዝ ላይ «ኢዝ ባክግራውንድ» የሚለውን «ትሩ» አድርገው፤ ከጀርባ እየሠራ የሚቆይ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል፤ አይበቃም። ሰርቨሩ ዝግጁ መሆኑን ለኤዲተሩ የሚነግረው ተርሚናሉ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ የሚያነበው «ፕሮብለም ማቸር» ነው። እሱ ውስጥ «ባክግራውንድ» የሚል ክፍል ክፈትና «አክቲቭ ኦን ስታርት» ትሩ ይሁን። «ቢጊንስ ፓተርን» ላይ ሰርቨሩ ሥራ ሲጀምር የሚጽፈውን፣ «ኤንድስ ፓተርን» ላይ ደግሞ ዝግጁ ሲሆን የሚጽፈውን አስገባ። ከጭንቅላትህ አትጻፈው፣ ከተርሚናሉ ቅዳው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። መስመሩን ሙሉ አትውሰድ፤ የፖርት ቁጥር ይቀየራል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ደግሞ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (ማቸሩ ጽሑፍ የሚፈልግበት ቀመር) ውስጥ ሌላ ትርጉም አላቸው። አንድ ሁለት ቃል ይበቃል።

ማቸሩ የስህተት «ፓተርን»ም ይፈልጋል። የምትይዘው ስህተት ባይኖርም ባዶ አትተወው። እኔ «ሬጅኤክስፕ» ላይ አንዲት ነጥብ፣ «ፋይል» 1፣ «ሎኬሽን» 2፣ «ሜሴጅ» 3 ብዬ አልፈዋለሁ። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

በነገራችን ላይ ሰርቨሩና ቴስቱ ያሉት በተለያየ ፎልደር ነው፤ አንተ ግን ትዕዛዙ ውስጥ ሲዲ (ፎልደር መቀየሪያው ትዕዛዝ) እያልክ ትዘልላለህ። «ኦፕሽንስ» ሥር «ሲደብሊውዲ» ላይ ፎልደሩን ጻፍና ተገላገል። የዳታቤዝ ፓስወርዱንም ከፋይሉ አውጣው፤ ፋይሉ ጊት (የኮዱን ለውጦች የሚመዘግበው) ላይ አብሮ ይሄዳል።

ታስክስ ዶት ጄሰን እንደ ተራ ጄሰን አይደለም፤ በሁለት ስላሽ ማስታወሻ መጻፍ ይፈቅዳል። ከኤንድስ ፓተርኑ በላይ ቃሉን ከየት እንዳመጣኸው ጻፍበት። የሰርቨሩ ቨርዥን ከፍ ሲል ያ ጽሑፍ ከተቀየረ ቴስቱ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ተመልሶ ይቆማልና።