ደሴቷ አሜሪካ ናት፤ መመለሻው ግን ኬላ አለው

ከሜሪላንድ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። 29 ዓመትሽ ነው። በጎብኚ ቪዛ ገብተሽ አሳይለም (ጥገኝነት) ከጠየቅሽ አምስት ዓመት ሞላሽ፤ እስካሁን ለኢንተርቪው አልተጠራሽም። ከስምንት ወር በፊት የነርሶችን የፈቃድ ፈተና ኤንክሌክስን አልፈሽ የነርስነት ፈቃድ አወጣሽ። ሆስፒታሎቹ ግን «ልምድ» እያሉ ስለሚመልሱሽ ዛሬም በዚያው የአረጋውያን መንከባከቢያ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነሽ። አሁን በአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች፣ ሴንት ቶማስ ላይ፣ ጀማሪ ነርስ የሚቀበል የአንድ ዓመት ሥራ አገኘሽ። አጎትሽ ደግሞ «ባሕር ከተሻገርሽ ኬዝሽ ይዘጋል፤ ወረቀትሽ እስኪመጣ አርፈሽ ተቀመጪ» አሉሽ።

ስለ ወንድምሽ የኮሌጅ ክፍያ፣ ስለ ብቸኝነትና ስለ እንጀራም ጠይቀሻል። እመለስበታለሁ። እንድጽፍ ያስነሳችኝ ግን «አርፈሽ ተቀመጪ» የምትለዋ ናት።

መጀመሪያ አጎትሽ የተሳሳቱበትን ልንገርሽ። አሜሪካ እነዚህን ደሴቶች ከዴንማርክ በ25 ሚሊዮን ዶላር የገዛችው በ1917 ነው። በኢሚግሬሽን ሕጉ «አሜሪካ» ሲባል ቨርጂን ደሴቶች፣ ፖርቶ ሪኮና ጉዋም አብረው ይቆጠራሉ። ሰሜን ማሪያናም ከኅዳር 2009 ጀምሮ ገብታለች። አሜሪካን ሳሞዋ ብቻ ውጭ ናት፤ የራሷ የኢሚግሬሽን ሕግ አላት። ስለዚህ ከማያሚ ተነስተሽ በቀጥታ ሴንት ቶማስ ብትወርጂ ከአገር አልወጣሽም። ባሕር መሻገሩ ብቻውን ኬዝ አይዘጋም።

አጎትሽ ሳያውቁት የተጠጉት አንድ እውነት ግን አለ፤ እሱም መመለሻው ላይ ነው። ስትሄጂ የአገር ውስጥ በረራ ስለሆነ ፓስፖርት የሚያይ የኢሚግሬሽን ሰው የለም። ከሴንት ቶማስ ወደ ዋናው ምድር ልትመለሺ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሺ ግን ከበረራው በፊት የድንበር ጥበቃ መኮንኖች ዘንድ መቅረብ አለ። ደሴቶቹ በአሜሪካ የጉምሩክ ክልል ውስጥ አይደሉም። የኢሚግሬሽን ሕጉም ከዚያ የሚነሳን መንገደኛ ልክ ከውጭ እንደሚገባ ሰው እንዲመረምሩ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። ዜጋው መታወቂያውን አሳይቶ ያልፋል፤ ግሪን ካርድ ያለውም እንደዚያው። አንቺስ ምን ታሳያለሽ?

«ወርክ ፐርሚት አለኝ» እንደምትይ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ነው ሰዎቻችን የሚሸወዱት። ወርክ ፐርሚት የመሥራት ፈቃድ እንጂ ስታተስ፣ ማለትም ሕጋዊ የመኖሪያ መብት፣ አይደለም። የጎብኚ ቪዛ ቆይታሽ ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። እዚህ ያቆየሽ ማመልከቻሽ ገና መልስ አለማግኘቱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አውቶቡስ ስትሳፈሪ ይህን የሚጠይቅሽ የለም። በዚያ ኬላ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው። መኮንኑ የማመልከቻ ደረሰኝሽን አይቶ ሊያሳልፍሽ ይችላል። ይዞሽ ጉዳይሽን ወደ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ሊመራውም ይችላል። አምስት ዓመት የጠበቅሽውን ኬዝ የአንድ ሰው የዕለት ስሜት ላይ መጣል አልወድልሽም።

ሌላም አለ። ከሴንት ቶማስ ወደ ቶርቶላ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቶርቶላ የእንግሊዝ ናት። እሑድ ቀን የሥራ ባልደረቦችሽ «ነይ እንዋኝ፣ ማታ እንመለሳለን» ይሉሻል። እግርሽ እዚያ ከረገጠ በእርግጥም ከአሜሪካ ወጣሽ። አሳይለም ጠያቂ አስቀድሞ አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ) ሳይዝ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል። በሁለቱ መሃል ያለው ውሃ በጣም ጠባብ ከመሆኑ የተነሳ የሴንት ቶማስ ጎረቤት በሆነችው የአሜሪካ ደሴት ሴንት ጆን ላይ ቆመሽ ስልክሽ የወዲያኛውን ኔትወርክ ይይዝና የውጭ አገር ሂሳብ ያስከፍልሻል። ጉዋም ለምትሄዱትም ይኸው ነው፤ ቲኬቱ በሆኖሉሉ ሳይሆን በቶኪዮ ወይም በማኒላ ከሆነ ከአገር ወጥታችኋል።

እንግዲህ የሴንት ቶማሱን ሥራ አሁን አትቀበዪ እላለሁ። አጎትሽ ግን «ይኸው፣ እኔስ ምን አልኩ?» እንዳይሉ። እሳቸው ያሉት እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀመጪ ነው። እኔ የምለው ውጪ፣ ኬላ በሌለበት መንገድ ውጪ ነው።

የሜሪላንድ ፈቃድሽ በብዙ ስቴቶች የሚያሠራው ዓይነት ነው ብለሻል። ታዲያ ለምን ደሴት ፍለጋ ሄድሽ? ሳውዝ ዳኮታ ይህን ፈቃድ በጋራ በሚቀበሉት ስቴቶች ስምምነት ውስጥ ናት። ኔብራስካም፣ አይዋም፣ ሰሜን ዳኮታም። እዚያ ያሉ ትንንሽ ሆስፒታሎች ነርስ ይቸገራሉ፤ ጀማሪም አሠልጥነው ይቀጥራሉ። ሳውዝ ዳኮታ ስቴቱ ከደሞዝሽ የገቢ ግብር አይቆርጥም። አድሏዊ ነህ ብትዪኝ አልክድም። እኔም ወረቀቴ በእጄ ሳይገባ ነው ከሳውዝ ዳኮታዋ ትልቅ ከተማ ከሱ ፎልስ ሁለት ሰዓት የሚያስነዳ ከተማ በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት የተቀጠርኩት። ዲሲ ፓርኪንግ ያሠሩኝ የነበሩ ዘመዶች «በረዶ ይበላሃል» ብለው ሸኙኝ። በመጀመሪያው ጥር መኪናዬ አልነሳ ብሎኝ ሁለት ኪሎ ሜትር በእግሬ ሄጃለሁ፤ የጆሮዬ ጫፍ እስከ ዛሬ በብርድ ያመኛል። በሁለት ዓመቴ ግን «ልምድ የለህም» የሚለኝ ጠፋ።

ፈቃዱ ስድስት ወር ሳይሠራበት በቆየ ቁጥር ቀጣሪው «ካለፍሽ ወዲህ ምን ስትሠሪ ነበር?» ይላል። አንቺ ስምንት ወር ሞልቶሻል። አጎትሽ ወረቀቱ የሚመጣበትን ቀን ያውቁታል? ካላወቁ «እስኪመጣ» የሚሉት ስንት ዓመት ነው? በትሕትና ጠይቂያቸው። አሥር ዓመት ከመጠበቅ በኋላ ሲኤንኤ ሆነሽ ብትገኚ እሳቸው አይጠየቁበትም።

ከመሄድሽ በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ አድራሻ ከቀየርሽ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ ነው። ኬዝሽ ወደ ሌላ ቢሮ ሊዛወር ይችላል፤ ደብዳቤው ወደ ቀድሞው ቤትሽ ሄዶ ኢንተርቪው ካመለጠሽ ያኔ ነው ጉድ የሚፈላው። ሁለተኛ፣ ወርክ ፐርሚትሽ ሊያልቅ ሰባት ወር ቀርቶታል ብለሻል። 180 ቀን ሲቀረው ማሳደስ ይቻላል፤ በዚያው ቀን አስገቢ። ድሮ ማመልከቱ ራሱ ያራዝመው ነበር። ከጥቅምት 30 ቀን 2025 ጀምሮ ለሚያመለክቱ አሳይለም ጠያቂዎች ያ ቀርቷል፤ ካርዱ ካለቀ ከሥራ ያስወጣሻል።

ጠበቃ አይደለሁም። የሴንት ቶማሱ ነገር ከልብሽ ካልወጣ ጠበቃሽን «ቨርጂን ደሴቶች አሜሪካ ነው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂው፤ «አዎ» ይልሽና ትሄጃለሽ። «ስመለስ ኤርፖርቱ ላይ ቢያስቆሙኝ ምን አሳያለሁ?» በይው።

ወንድምሽ 24 ዓመቱ ከሆነ ከወር ደሞዝሽ ሩቡን ለኮሌጁ መላክ የለብሽም። የክፍያውን ግማሽ ራሱ ሠርቶ ይክፈል፤ ለእናትሽ የምትልኪውን አታቋርጪ። ብቸኝነቱ እውነት ነው፣ አላባብልሽም። እንጀራ ሱ ፎልስ አለ፤ እኔ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ነድቼ ሃያ እየገዛሁ ፍሪዘር እከት ነበር። በአራት በአራት ለይተሽ ካላሸግሽው ተጣብቆ ይበጫጨቃል።