የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ እናቴ ፊደል የጻፈችባቸው አክሽን ፊገሮች

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከወላጆቼ ጋር በሱዳን በኩል ወደ አሜሪካ ስንገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎች ደጃቸው ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ያገለገለ ዕቃ መካከል ስታር ዋርስ የተባለውን የሕዋ ጦርነት ፊልም ጀግኖች የሚወክሉ፣ እጅና እግራቸው የሚንቀሳቀስ ትናንሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶችን (አክሽን ፊገሮችን) በሳንቲም እየገዛች ታመጣልኝ ነበር። ከአጎቴ ልጆች ጋር «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» እየተባባልን ስለምንጣላ፣ በየአንዳንዳቸው እግር ሥር የስሜን የመጀመሪያ ፊደል «ዳ»ን በእስክሪብቶ ጽፋበታለች። ባለፈው ወር ምድር ቤት ካለ ካርቶን ውስጥ 23ቱን አገኘኋቸው። አብዛኞቹ መሣሪያቸው የለም፤ የአንዳንዶቹ እጅና እግር ያጣብቃል፤ ነጮቹ ወደ ቢጫነት ተለውጠዋል። የሥራ ባልደረባዬ ፊደሉን አጥፍቼ፣ የጎደለውን መሣሪያ ከኢንተርኔት ገዝቼ አሟልቼ ብሸጣቸው ጥሩ ዋጋ እንደሚያወጡ ነገረኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ዳ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ ከሁሉ አስቀድመን ፊደሉን እንዳያጠፉት እንለምንዎታለን። አንዱ ምክንያታችን የፕላስቲኩ ጠባይ ነው። የእነዚህ ፊገሮች እጅና እግር በአብዛኛው የተሠራው ፒቪሲ ከተባለ ለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆነ የእስክሪብቶ ቀለም ላዩ ላይ ብቻ አይቀርም፤ እየሰረገ ወደ ውስጥ ይገባል። አርባ ዓመት የቆየውን ጽሕፈት በአልኮል ወይም በአሴቶን ቢፈትጉት፣ የሚገፈፈው የፋብሪካው ቀለም ይሆንና የፊደሉ ጥላ ግን እዚያው ይቀራል። ሌላውን ምክንያት እርስዎም ሳይገምቱት አይቀሩም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ያዙት ዕቃ ጥቂት እንበል። አክሽን ፊገር የሚለው ስያሜ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ሃስብሮ የተባለው ኩባንያ ጂ.አይ. ጆ የተሰኘውን ወታደር ለገበያ ሲያቀርብ ነው፤ ወንዶች ልጆች «አሻንጉሊት» ከተባለ አይነኩትም ተብሎ ስለተሰጋ ሌላ ስም አስፈለገ። ያ ወታደር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ነበረው። የእርስዎዎቹን የሠራው በሲንሲናቲ ከተማ የነበረው ኬነር ግን ቁመቱን ወደ 9 ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ አሳነሰው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ጀግኖቹ የሚበሩባቸው መንኮራኩሮች አሉ፤ ትልቅ አሻንጉሊት የሚያስቀምጥ መንኮራኩር ደግሞ ከቤት በር አይገባም፣ ከወላጅ ኪስም አይመጥንም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1977 ሲወጣ አሻንጉሊቶቹ ገና አልደረሱም ነበርና፣ በዚያ ዓመት ለገና በዓል ኬነር የሸጠው የምስክር ወረቀት የያዘ ባዶ ማሸጊያ ነበር። ወረቀቱን በፖስታ የላኩ ልጆች የመጀመሪያዎቹን አራት ፊገሮች የተቀበሉት በ1978 ነው። ለባዶ ካርቶን ገንዘብ ከፍሎ ወራት መጠበቅን የአንድ ፊልም ፍቅር እንዴት እንዳስቻለ ስናስብ እስካሁን ይደንቀናል።

አሁን አንዱን አንሥተው የእግሩን ጀርባ ይመልከቱ። በጣም ደቃቅ የሆነ የተቀረጸ ጽሑፍ ያገኛሉ። በቀደሙት ላይ ጂ.ኤም.ኤፍ.ጂ.አይ. የሚል ምሕፃረ ቃል አለ፤ ይህ በወቅቱ የኬነር ባለቤት የነበረውን፣ በቁርስ እህል ምርቱ የሚታወቀውን ጄኔራል ሚልስን ያመለክታል። በኋለኞቹ ላይ ኤል.ኤፍ.ኤል. የሚለው የፊልሙ ባለቤት ኩባንያ ምሕፃረ ቃል ይገኛል። በብዙዎቹ ላይ የተመረቱበት አገር፣ ለምሳሌ ሆንግ ኮንግ፣ ተጠቅሷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የተቀረጸው ዓመት የቅጂ መብቱ እንጂ ፊገሩ የተመረተበት ዓመት አይደለም። 1977 የሚል ጽሑፍ ያለው ፊገር ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ተመርቶ ተሽጧል።

የሚያጣብቀው ነገር ቆሻሻ ብቻ እንዳይመስልዎ። ፒቪሲ እንዲለዝብ የሚጨመርበት ዘይት መሰል ኬሚካል በሙቀትና በታፈነ ቦታ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያጥቧቸው፤ ከዚያም ጥላ ውስጥ በደንብ ያድርቋቸው። አር-ቱ-ዲ-ቱ የተባለችው ትንሿ ሮቦት ካለች ግን ውኃ ውስጥ አይንከሯት፤ ገላዋን የከበበው ሥዕል የተለጠፈ ስለሆነ ይላቀቃል። የጨርቅ ካባ ያላቸውንም ካባቸውን አውልቀው ያጥቧቸው። ካደረቋቸው በኋላ አየር በማያስገባ ፌስታል አይቋጥሯቸው፤ ፀሐይ ከማያገኘው፣ ሙቀቱም እርጥበቱም ከማይለዋወጥ መደርደሪያ ላይ ያኑሯቸው። ቢጫ የሆኑትን ነጭ ወታደሮች በተመለከተ፣ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በብርሃን የሚያነጡ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ቢጫው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፣ ብዙ ሰብሳቢዎችም ይህን እንደ ጉዳት ይቆጥሩታል። እኛ ብንሆን እንተወዋለን።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን የመሣሪያው ጉዳይ ነው። በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጡት ጠመንጃዎችና የብርሃን ሰይፎች በአብዛኛው ከዋናው ተቀድተው በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ናቸው። አንዳንድ ሰው ውኃ ላይ ጥሎ ከተንሳፈፈ እውነተኛ ነው ይላል፤ ይህ መለኪያ ግን ሁልጊዜ አያስተማምንም። የተቀዳው መሣሪያ አንድ ጊዜ ከፊገሩ እጅ ገብቶ ከተሸጠ፣ ገዢው ለሌላው፣ ሌላውም ለሦስተኛው እያስተላለፈው ውሸቱ እውነት ሆኖ ይቀራል። ጃዋ በሚባለው ባለ ካባ ድንክ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። መጀመሪያ በ1978 ሲወጣ ካባው ከፕላስቲክ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በጨርቅ ተተካ። ባለ ፕላስቲክ ካባው ብርቅ ስለሆነ፣ የሌላ ፊገርን ካባ ቆርጠው እያለበሱ የሚሸጡ አታላዮች ተነሡ፤ ዛሬ ባለሙያ ሳያየው ማንም አይገዛውም። ልጅዎ እንዲጫወትባቸው ከፈለጉ የተቀዱትን መሣሪያዎች ቢገዙ ምንም ነውር የለውም፤ ለየብቻቸው ያስቀምጧቸው፣ የተቀዱና አዲስ መሆናቸውንም በወረቀት ይጻፉ።

ስለ ዋጋው የሚሰሙት ወሬ ከእርስዎ ካርቶን ጋር የሚገናኝ አይመስለንም። በ2024 ቦባ ፌት የተባለውን የፊልሙን ገጸ ባሕርይ የሚወክል አንድ ፊገር በጨረታ 525,000 ዶላር ማውጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እሱ ሮኬት የሚተኩስ፣ ለሕፃናት ደኅንነት ተብሎ ወደ ገበያ ሳይወጣ የቀረ የሙከራ ሥራ ነው። ልጅ የተጫወተበትና መሣሪያ የሌለው የተለመደ ፊገር በጥቂት ዶላር የሚሸጥ ነው። እንግዲህ ያቆየነው ሁለተኛው ምክንያት እዚህ ይመጣል። ለሰብሳቢው ገበያ «ዳ» የምትለዋ ፊደል ዋጋ ቀናሽ ናት። ለእኛ ግን በስደት አገር፣ ልጇ ከእኩዮቹ እንዳያንስ ከድካሟ ላይ ሳንቲም ቆጥባ የገዛች እናት በእጇ የጻፈችው ነው፤ 23ቱንም አንድ ላይ የሚያስተሳስራቸው ይህ ጽሕፈት ብቻ ነው። ጃዋው ካለና ካባው ፕላስቲክ ከሆነ እሱን ለባለሙያ ያሳዩ። ሌሎቹን አይሽጧቸው።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ የምኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስሆን አኒሜ የሚባለውን የጃፓን የካርቱን ፊልም እከታተላለሁ። ዘመዶቼ ከውጭ ሲመጡ ድራጎን ቦል የተባለውን አኒሜ ጀግኖች የሚወክል ፊገር አምጡልኝ እላለሁ። የመጣው እውነተኛ ይሁን አስመሳይ በምን ልወቅ?
ኤ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ተማሪያችን፣ በመጀመሪያ ሳጥኑን እይ። ለጃፓን ገበያ በተዘጋጁ የድራጎን ቦል ሳጥኖች ላይ ብዙውን ጊዜ የአኒሜው አዘጋጅ የሆነው የቶኤይ አኒሜሽን የፈቃድ ተለጣፊ ይገኛል፤ የአምራቹም ስም በግልጽ ይታተማል። ከዚያ ዓይኖቹን ተመልከት፤ በአስመሳዩ ላይ የዓይን ሥዕሉ ይንሸዋረራል፣ የፀጉሩና የልብሱ ቀለም ከድንበሩ ያልፋል፣ ቆዳውም ዘይት እንደተቀባ ያብለጨልጫል። ሳጥኑ ሲከፈት የሚያፍን የኬሚካል ሽታ ካለውም ተጠራጠር።

ዋጋው ዝቅ ስላለ ብቻ ግን ሐሰተኛ ነው አትበል። በጃፓን የጨዋታ ቤቶች ውስጥ በማሽን የብረት ጥፍር ከሚነሡ ሽልማቶች መካከል ባንፕሬስቶ በሚለው ስያሜ የሚወጡ ፊገሮች አሉ፤ እነዚህ በፈቃድ የተሠሩ ሆነው ከሌሎቹ በጣም ይረክሳሉ። ለተማሪ ኪስ የሚስማሙትም እነሱ ስለሆኑ፣ ለዘመዶችህ ዝርዝር ስትልክ የባንፕሬስቶን ስምና የሳጥኑን ፎቶግራፍ አብረህ ላክላቸው።